ሽንኩርት ካለ

አዳማ መናኸሪያ፣ ከግንቡ ጥግ ሥር፣
ላስቲክ ላይ ከሚሸጥ አሮጌ ነገር
መዝገበ ቃላት ገዛሁ፣ በመቶ ሃያ ብር።
ጀርባው የተገነጠለ፣ «ኤ» የሚጎድለው፤
ደግነቱ «ሲ» አለ፤ የፈለግሁት እሱን ነው።

አባቴ ኤርጃቦ፣ በወንጂ ሸንኮራ
ሠላሳ አንድ ዓመት ከውሃ በር ጋራ
ሲኖር «ቦይ» አይልም። ቦይ የገበሬ ነው፤
የፋብሪካው ውሃ «ካናል» ነው የሚባለው።
ቃሉን እንደ ደንብ ልብስ ለብሶት ነው የኖረው።

መዝገቡ ወደ ኋላ እጄን ይዞ ወሰደኝ፦
ከእንግሊዝ ወደ ሮማ፣ ቱቦ ሆኖ ቆየኝ፤
ከሮማ ወደ ግሪክ፣ ቀጥ ያለ ሸምበቆ፤
ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ባሕሩን ዘልቆ፣
ሁለት ወንዝ መሐል፣ ባቢሎን ከጭቃው
«ቃኑ» ሲል አገኘሁት አንዱን ጸሐፊ ሰው፤
ሸምበቆን በሸምበቆ ጭቃ ላይ ሲወጋው።

ሰባተኛ ክፍል መዳፌን ያቃጠለ
ያ የመምህር ዱላ ከዚያው ሥር በቀለ፤
ወንጂ የሚቆረጠው ሸንኮራም እዚያው አለ፤
መድፍ እንኳ፣ ሆዱ ባዶ፣ ዘመድ ነኝ እያለ።
ሻይ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከታች ግን በደቃቅ ፊደል ሌላ ቅርንጫፍ ወጣ፦
መለኪያ ዘንግ፣ ልክ፣ ሥርዓት፣ እያለ ወርዶ ወርዶ
ቀኖና ላይ መጣ።

ሻዬ ቀዘቀዘ።

ያን የበጋ ሌሊት፣ የአዴ ዳዲ ሽንኩርት ጠውልጎ፣
አባቴ የካናሉን በር ሦስት ጣት ከፍ አድርጎ፣
ውሃውን ለቀቀላት፤ እስኪነጋ ቆሞ ጠበቀው።
ፋብሪካው አላወቀም።
እሱ ግን ሄዶ ለንስሐ አባቱ አሳወቀው፦
«ውሃ ሰርቄአለሁ።»
ሰባት ቀን ጾም፣ በየቀኑ አርባ ስግደት።
ጉልበቱ ላይ የነበረውን የወንጂ ጭቃ አስታውሳለሁ፤
ከግንባሩ አፈር ጋር አንድ ቀለም ነበረ።
በካናል የበደለውን በቀኖና ከፈለ፤
ሁለቱ አንድ ሸምበቆ መሆናቸውን
ቄሱም አላወቁ፣ እሱም አላለ።

ደወልኩለት። ከሮማ እስከ ጭቃው አንድ ሳላስቀር ነገርኩት።
ዝም አለ። ሳሉን ሰማሁት።
ኋላ፣ «በዚያስ አገር» አለኝ፣
«ሌሊት ውሃ የሚለቅ ሰው ነበረ?»
ገጹን አገላበጥኩ። መጽሐፉ ስለ ቦዩ እንጂ
ስለ ከፋቹ አይልም።
«እንጃ አባዬ።»
«ይኖራል» አለ፣ «ሽንኩርት ካለ።»