ዘንበል

አባቴ ይህን ቤት በጥቁር አለት ላይ፣ በድማሚት ፈልጦ
ሲያቆመው፣ አንድ ክረምት ሙሉ በአቧራ ተውጦ፣
ለከሰሉ ቀዳዳ ሰጠ፣ ለማገዶው መስኮት ሰጠ፣
ለድንቹ እንኳ ጉድጓድ ሰጠ፤
ለውሃ ግን፣ ከምድር ቤቱ ወለል አንዲት መውጫ ሳይተው
ቁልፉን ለእናቴ አስረክቦ ሄደ ወደ ሥራው።

ማንስ አስቦት?
ውሃ የላይ ቤት ነገር ነበር። ማሽኑ ከኩሽናው ጥግ ቆሞ
ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያጓራ፣
እጣቢው ቁልቁል ይወርድ ነበር፣
እንደ ደንቡ፣
ማንንም ሳያስቸግር።

በጥቅምት አባቴ ወደቀ።
ቀኝ ጎኑና ንግግሩ ባንድ ቀን ከእሱ ራቀ።
አልጋው ከፎቅ ወረደ ወደ ኩሽና፤
ማሽኑም ወደ ምድር ቤት፣ ቦታውን ለአልጋው ለቅቆ፣
ቱቦውን እንደ ጭራ በእግሮቹ መሀል ወሽቆ።

ያኔ ነው ያወቅነው።
የቤቱ ፍሳሽ መስመር ግድግዳውን ታክኮ በደረቴ ልክ ያልፋል፤
ከወለሉ በታች አለት፣ ከአለቱም በታች አለት ይተኛል።
ለመውጣት፣ መጀመሪያ መውጣት ነበረበት፣
ሽቅብ፣
ውሃ ያልተማረውን ትምህርት።

በባልዲ ጀመርኩ።
አሥራ ሦስት ደረጃ። ለአንድ እጥበት ሰባት ባልዲ።
(የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ያለው ሰው
ባልዲ ተሸክሞ አያውቅም።)
እናቴ ቪዬኖ ከላይ ሆና ትቆጥራለች፣
«አራት... አምስት...»፣
እንደ ባንክ ገንዘብ ተቀባይ፣
አንዱን እንዳልሰርቃት ነው መሰል።

በሦስተኛው ሳምንት ወገቤ እምቢ አለ፤ ቱቦውን በመስኮት አወጣሁት።
ጥር ነው። ተንደር ቤይ። ሐይቁ እስከ አድማስ ድንጋይ ሆኗል።
የአባቴ ሸሚዝ እጣቢ ከጎረቤት ደጃፍ መስታወት ሠርቶ አድሯል።
ኦስታፕ በማለዳ ዳቦ ሊገዛ ወጣ፣
በቂጡ ቁጭ እንዳለ እስከ አስፋልቱ ሄደ፣
ኮፍያውን እንኳ ሳያጣ።

በራችን ሲንኳኳ ለስድብ ተዘጋጀሁ።
«ሳሙናችሁ ጥሩ ይሸታል» አለ።
«በሉ አሁን ምድር ቤቱን አሳዩኝ።»

በነጋታው ሰፊ የፕላስቲክ ገንዳ፣
ከዓሣ ጎጆው የነቀለው ፓምፕ፣
በገመድ የታሰረች ብርቱካን የምታህል ኳስ ይዞ መጣ።
ገንዳው ሲሞላ ኳሷ ትንሳፈፋለች፣
ኳሷ ስትነሳ ፓምፑን ትቀሰቅሳለች፣
ከቧንቧው አንገት ላይ ደግሞ አንዲት የነሐስ ምላስ፣
የወጣ ውሃ ተጸጽቶ
ተመልሶ እንዳይፈስ።
ቧንቧውን ከኮርኒሱ ጋር ሰቅለን፣ ከአባቴ አልጋ ሥር አሳልፈን
ከፍሳሹ መስመር አገናኘነው።

ፓምፑ አጉረመረመ፤ ውሃው ወጣ።
አጨበጨብን።
ከላይ ግን ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤
አባቴ በግራ እጁ የአልጋውን ብረት ይመታል።
እናቴ ውሃ አመጣችለት፤ አልፈለገም።
ብርድ ልብስ ደረበችለት፤ ገፈፈው።
መዳፉን እንደ ጠረጴዛ ዘረጋ፣
ከዚያ በቀስታ አዘመመው።
«ደህና ነኝ፣ እንደ ነገሩ እያለ ነው» አለች።

ኦስታፕ ግን በወረቀት ፋብሪካው ሃያ ስምንት ዓመት
ለአባቴ መፍቻ ሲያቀብል የኖረ ሰው፣
ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።
«ዘንበል! ዘንበል የለውም እያለን ነው፣ ኤይኖ!»

ወርደን ውሃ ልኩን አስጠጋሁ።
አረፋዋ መሀል ላይ ቀጥ ብላለች፣ ንቅንቅ የለም።
ያንን ቀጥታ እኔው ነበርኩ በኩራት የሠራሁት።
ውሃው ከአልጋው ሥር ተኝቶ፣ ሄደትም እምቢታም ሳይሆን፣
ለአባቴ ጆሮ ብቻ ሲያንሾካሹክ ነበር።
ማንጠልጠያዎቹን አላላን፤
በየሜትሩ አንድ ጣት፣
ከአንድ ጣት አይበልጥም፣ ዝቅ አደረግነው።

አንሶላ አጠብን፣ ያልቆሸሸ አንሶላ፣
እሱ እንዲሰማ ብቻ።
ኳሷ ተነሳች። ውሃው ሽቅብ ወጥቶ፣ ታጥፎ፣
ከአልጋው ሥር ሮጦ አለፈ።
የአባቴ መዳፍ ብርድ ልብሱ ላይ አረፈ።
እናቴ «አንድ» ልትል አፏን ከፈተች፤
ግን የምትቆጥረው ነገር አጣች።