የጎደለው አየር

ቱሉ ዲምቱ ማዞሪያ፣ ከክፍያ መንገዱ ጥግ፣
አየር ነው የምሸጠው፤ ሌላ ሸቀጥ የለኝም ለወግ።
ሰው ይስቃል፦ «ምን ሆነህ ነው፣ አየር ደግሞ ይሸጣል?»
ጎማው ሲተኛበት ግን፣ ሳንቲሙን ቆጥሮ ይመጣል።

የኅዳር ማለዳ ነበር፣ አመዳይ ሣሩን ያነጣበት፣
ቀዳዳ የምፈልግበት በርሜል፣ ስስ በረዶ የጋገረበት።
በጣቴ ነካ ሳደርገው፣ እንደ መስተዋት ቀጭ አለ፤
ከሥሩ ያው ውሃ ነበር፣ ትናንት አረፋ ያበቀለ።

ምንተስኖት በዚህ መሐል፣ ሲኖትራኩን እየዞረ፣
የኋላ ጎማውን በርግጫ፣ እየነረተ አማረረ፦
«መቶ አሥር ሞልቼ ነበር፣ ትናንት ከሞጆ ስገባ፤
ይኸው ዘጠና ሆኖ አደረ! ሃያውን ወሰደው ሌባ!»
ጣቱም አልዘገየም፤ ከጋሽ ቱፋ ላይ አረፈ፣
ሌሊቱን ቆሞ ሲጠብቅ፣ ጢሙ ጤዛ እንዳቀፈ።
«ሃምሳ ብር ላዳር ከፍዬህ፣ ነፋሴን ትቸረችራለህ?»
«ልጄ፣ አየርህን ሰርቄ፣ በምኔ ቋጥሬው እሄዳለሁ?»

እኔ መጀመሪያ ዝም አልኩ።
ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸው፤
አንዱ ጎማ ያመጣልኛል፣
አንዱ እሳቴን ሊሞቅ ይመጣል።

ከዚያ እታፈራሁ ትዝ አለችኝ፣ የስምንተኛ ክፍል መምህሬ።
«ጠጣር ሁኑ!» ትለናለች፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣
ቦታችንን ሳንለቅ፣ እዚያው እንንዘፈዘፋለን።
«ፈሳሽ!» ስትል እጅ ይላላል፤ አንዱ በአንዱ ሥር ይሾልካል፣
ሳንለያይ እንፈሳለን፣ ወለሉ ባዘነበለበት በኩል።
«ጋዝ!» ያለች እንደሆን ግን፣ ጉድ ነው! ሰባ ልጅ በአንድ ጊዜ፣
ከግድግዳ ይላተማል፣ መሮጥ ብቻ ይዞት አባዜ።
«ይሄ የምትሰሙት ድብደባ፣ ግፊት ማለት እሱ ነው፤
ጎማን ወጥሮ የሚያቆመው፣ የትንንሾች ጡጫ ነው።»
ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ብርድ መጣ» ትለናለች፤
ሩጫው ይዘገያል፤ ግድግዳው ያርፋል፤ ትቆጥረናለች፦
ሰባ ነን። አንድም አልወጣ።
ደግማ ትቆጥራለች፦ ሰባ ነን።

«ጋሽ ቱፋ አልሰረቀም» አልኩ። «አየርህ እዚያው ነው ያለው፤
በርዶት ነው። አንተስ ከንጋት ጀምሮ፣
እጅህን ብብትህ ውስጥ የከተትከው ለምንድን ነው?»

አላመነም። ሳሙና በጥብጬ ቫልቩን፣ ጠርዙን ቀባሁ፣
ጎንበስ ብዬ አረፋ ጠበቅሁ።
አንድም አልፈላ። አንድም ዓይን አልተከፈተ።
«ፀሐይ ትምጣ፣ እሷ ትፍረድ፤ እስከዚያው ታገሥ አንተ።»

ቆየን። የበርሜሉ በረዶ ከዳር ዳር እየላላ፣
ቆርቆሮው ጠብ ጠብ አለ፤ ሣሩ አመዳዩን በላ፤
እርጥቡ የጎማ ክምር ቀስ ብሎ መትነን ያዘ።
አራት ሰዓት፦ ዘጠና ሦስት።
ስድስት ሰዓት፦ ዘጠና ሰባት።
«ሰባቱን ማን መለሰው?» አለ ጋሽ ቱፋ። «እኔ ከዚች ድንጋይ
አልተነሳሁም፤ እዩኝ።»

ሳቅሁ። ምንተስኖት አልሳቀም፦ «አሥራ ሦስቱስ የት ቀረ?»
«መንገድ ላይ ነው። ትናንት ስትሞላው፣ ጎማህ አስፋልት ያጋለው ነበረ።»

ዱከም ደርሰን ልንመለስ፣ ሦስታችንም ጋቢና ወጣን።
ጋሽ ቱፋ ሁለት ዓመት የጠበቀው መኪና ላይ
ሲሳፈር ያን ቀን ገና ነው።
መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤ መዳፉን ለነፋሱ ሰጠ፣
ጨበጠው፣ ለቀቀው፣ ደግሞ ጨበጠ።
«ሰረቅህ ያልከኝ ይሄን ነው?»
ምንተስኖት ማርሽ ቀየረ።

ስንመለስ ለካሁት፦ መቶ ዘጠኝ።
«አንዷስ?» አለኝ፣ ድምፁ ግን ሟሙቷል።
መለኪያዬን ከቫልቩ ስነቅል
«ጭስስ» ያለችውን አሰማሁት።
በጠየቅነው ቁጥር ትንሽ ይወጣል፤
አንዷን እንኳ የወሰድናት እኛው ነን።

ይቅርታ ከአፉ አልወጣም።
ማታ ሃምሳውን ሲከፍል፣ አሥር ብር ደርቦ ጨመረ፣
ተሳስቶ እንደ ቆጠረ።
እኔም ኮምፕረሰሬን አጥፍቼ በሬን ስዘጋ፣
ጋሽ ቱፋ ከጎማ ጎማ እየሄደ፣
በእጁ ይዳስስ ነበር፣ እንደ ልጅ ግንባር፦
«በረዳችሁ?»