አንቀጽ ሰባት

ብሎክ አራት በር ላይ፣ ከቆጣሪው በላይ፣
ደንብ ተለጥፏል፣ ማኅተሙ እንዲታይ።
አንቀጽ አንድ፦ «በኳስ ሜዳው በኩል ልብስ አይሰጣ»፤
ሁለት፦ «ማንም ከበረንዳው በዳኛው አይቆጣ»፤
ሦስትን ዝናብ አጥቦታል፤ የሚከተሉት ስለ ውሻ ናቸው።
ሰባት ግን በቀይ ነው፦ «ኳስ አጥር ዘሎ ከገባ
አይመለስም፤ የመለሰ፣ ሁለት መቶ ብር ያስገባ።»

የጻፈው ሙሄ ነው፤ ጸሐፊያችን፣ ደረቅ ሰው፤
ዘንድሮ መስኮቱን ኳስ ሁለቴ ጠረመሰው።
ጦይባ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ ጠየቀች፣
«የተያዙት ኳሶችስ?» ብላ አስጨነቀች።
«ስቶር ናቸው» አለ፤ መነጽሩን ጠረገ፤
ጥያቄዋን ከቃለ ጉባኤው ውጭ አደረገ።

ትናንት ሌሊት መብራት የለም፤ ሙቀቱ አላስተኛኝ፤
በረንዳ ወጣሁ፣ የቦርከና ነፋስ ቢያገኘኝ።
አጥሩ ሥር አንድ ሰው፣ በሽርጥ፣ ጆንያ ተሸክሞ፣
ግራና ቀኝ ያያል፣ እንደ ሌባ ቆሞ።
አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ኳሶቹን ወረወረ፤
የመጨረሻዋን ግን በግራ እግሩ ሞከረ።
አጥሩ መለሰለት። ደገማት፤ ተሻግራ አመለጠች።
ሳል ይሁን ሳቅ፣ እንጃ፣ አንዲት ድምፅ አፈነገጠች።

ጠዋት ደረጃ ላይ አገኘሁት፤ ያነክሳል።
ሳልጠይቀው፣ «ደረጃው ነው» አለኝ፣
«ይሄ ደረጃ ሰው ይጨርሳል።»