አንድ ያላት

በቫልዲቪያ ከተማ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣
ጫማውን አራግፎ፣ በር አንኳኩቶ አያውቅም፤
የቤት ልጅ ነውና ዘው ይላል በጣራ፣
ባልዲና ድስቱን ያሰልፋል በተራ።

እንዲህ ባለ ማክሰኞ
ኤዱቪና መጣች፣ ኮምፒውተሯን አቅፋ፣
በሱፍ ሻሽ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ ደግፋ።
«ቀጭ ቀጭ ይላል» አለች፣ «ሌሊት ሌሊት በተለይ፤
ሰዓት የዋጠ ይመስላል። ምን ነክቶት ነው? እስቲ እይ።»

ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣
ሃያ ዓመት በዚች ሱቅ ስንቱን ቀብሬያለሁ።
ሊሞት ያለ ዲስክ ነው፣ ጥርሱን የሚያፋጭ።
«ምን አለው ውስጡ?» ስል፣ «ዝናብ» አለች፣ ቁጭ
ብላ በርጩማው ላይ።

የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች ድሮ፤
ጡረታ ከወጣች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
በየማለዳው ወጥታ፣ ከጓሮዋ ጣሳ
የወረደውን ለክታ፣ አንድም ቀን ሳትረሳ፣
ሚሊሜትሩን ትጽፋለች፤ ከጎኑ አንዲት መስመር፦
«ዛሬ ነፋስ ነበር።»
«የቤኒግናን ላም ጎርፍ ወሰዳት።»
«ኦስቫልዶ ሞተ። አራት ሚሊሜትር።»

«ሌላ ቦታስ አለሽ፣ የገለበጥሽበት?»
ዝም አለች።
አንድ ያላት እንቅልፍ የላት።

ከቦርሳዋ አወጣች የጡረታ ፖስታ፣
ቆጠረች፤ ደገመች፤ ጣቷን በምራቅ ነክታ።
ሰማንያ ሺህ ፔሶ። ከዚያ የኪራዩ ይነሣል፣
የማገዶው ይነሣል።

«ፍላሽስ?» አለችኝ። «ርካሽ ነው፤ ግን ከዳተኛ፣
ሳይስል፣ ሳያቃስት፣ አንድ ማታ የሚተኛ።
ለመንገድ ይበጃል፣ ደብዳቤ ለማድረስ፤
ዓመት አስቀምጠሽ፣ አትመኚው ለትንፋሽ ለነፍስ።»
«ሲዲስ?»
«ማንበቢያው ራሱ ከገበያ እየጠፋ!»
«ደመና የሚሉትስ?»
«እሱ ደህና ነው። ቤት ቢቃጠል፣ ወንዝ ቢሞላ አይነካውም፤
ግን ኪራይ ነው፣ ወር በወር፤ ያቋረጥሽ ዕለት አያውቅሽም።»

ሳቀች፣ ድዷ እስኪታይ፦
«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከደመና ያገኘሁትን፣
ጠብታ በጠብታ በእጄ የሰፈርኩትን፣
መልሼ ለደመና? ያውም እኔው ልክፈለው?
የሰጠኝ እሱ አይደል? ጭራሽ ቀለብ ልስፈርለው?»

ሁለት ዲስክ መረጥን፣ ከመጠነኞቹ፣
መልካቸው የማይደምቅ፣ ሦስት ዓመት ዋስ ያላቸው።
አንዱ ከቤት ይቆይ፣ ከዱቄት ጣሳ ኋላ፤
ሌላው ላ ዩኒዮን፣ ከባሏ እህት ቁምሣጥን፣ ከፎጣዎች ጥላ።
ወር በገባ ቅዳሜ በአውቶቡስ ተሳፍራ
ታለዋውጣቸዋለች።
(ሾፌሮቹ ያውቋታል፤ ማንም አያስከፍላት።)
ምድር ብትናወጥ፣ እዚህ ደግሞ ትናወጣለች፣
ሁለት ከተማ በአንድ ሌሊት፣ ያን ያህል አትጨክንም አለች።

የሚሞተውን ዲስክ ሌሊቱን ሙሉ አጠባሁት፣
እያባበልኩ፣ እያቀዘቀዝኩ፣ ፋይል በፋይል ገለበጥኩት።
ጠዋት ስትመጣ፣ «እንግዲህ ክፈቺው» አልኳት፤
«ያልሞከሩት ግልባጭ ተጠቅልሎ የኖረ ጃንጥላ ነው፤
ብል በልቶት ይሁን አይሁን፣ ዘርግቶ ማን አየው?»
ጣቷ ዓመታቱን ዘለለ፤ አንድ ሰኔ ላይ ቆመ።
አለ።
አራት ሚሊሜትር።
መነጽሯን ጠረገች፤ ዝናብ እንዳልነካው አይቻለሁ።

ልትወጣ ስትል ዞረች፣ እጇ በበሩ እጀታ፦
«ሬሚሂዮ፣ ያንተስ?»
«የኔ ምኔ?»
«የልጅህ ፎቶ። የደንበኞችህ መዝገብ። ግልባጩ የት ነው?»

እኔ፣ የሰው ዲስክ ሐኪም፣ ቃል ከአፌ ደረቀ።
ከመደርደሪያው ላይ ያች አሮጌ ላፕቶፕ
ብቻዋን ታንኮራፋለች።
አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ስል፣
ለስንቱ ተናገርኩ፣
ለራሴ ሳልል።

መልሷን አልያዘችም፤ ሳንቲሞቹን ጠረጴዛው ላይ ትታ
«ለመጀመሪያው ዲስክህ» አለች፣
ጃንጥላዋን ዘርግታ።
ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣
አንዷም ጠብታ ግልባጭ የላት፤
ልትለካው ሄደች።