አስራ አንደኛው ቀን

ጉሙ እንደ እርጥብ አንሶላ ድንኳኑን ጠቅልሎ፣
ስታመን ጉልበቱን በቅባት ያሻል
ቁጭ ብሎ፣ ዝም ብሎ።
የመንገድ ሰው ሆኗል፤ ሁሉን ይመዝናል፤
የጥርስ ብሩሹን እጀታ ቆርጦ ጥሎታል፣
ያለፍነውን አገር ከካርታው ቀድዶ እሳት አንድዶበታል፤
ቅያሪ ካልሲ አንድ፣ ማንኪያ አንድ ለሁለት፣
“ግራም ከግራም ጋር ኪሎ ነው”፤ ይህ ነው የሱ ሃይማኖት።

ግን ከቦርሳው ግርጌ፣ በዚያችው ካልሲ ጠቅልሎ፣
ድንጋይ ይዟል፤ “አትንኪ” ብሎ።

ሰው ሁሉ ከኮም ተራራ ጠጠር ያነሣል፣
ባልካንን አቋርጦ በኪሱ ይዞት ይሄዳል፣
ኤሚኔ ሲደርስ፣ ምድር ስታልቅ፣ ጥቁር ባሕር ይጥለዋል።
ልማድ ነው። ይሁን። የሌላው አተር፣ ቢበዛ ባቄላ፤
የኔ ባል የመረጠው መዳፍ የሚሞላ!
“ምነው?” ብዬው ነበር።
“ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት ያቀለጥሁ፣
ጠጠር ልወርውር?” አለ። እኔም ዝም አልሁ።
ፋብሪካው ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ያለው
ሶፋ ነው፤ ቴሌቪዥን ነው፣ ድምፁ የተዘጋው።

ዛሬ ማለዳ ግን ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ
ድንጋዩን ሰረቅሁት። ከተትሁት ከኔ ድስት ሆድ፣
ከሩዙ ሥር።
ጉልበቱ ሲያቃስት ሌሊቱን የማድር
ዐይኔን ሳልከድን እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይቁጠር?

ተነሣን። ቀዩ ምልክት ከዛፍ ዛፍ ይጠራል፣
የወደቀው ቅጠል ጫማ ያንሸራትታል፣
ስታመን ከፊቴ ሊሮጥ ምንም አልቀረው፤
“ኔቬና! ይህ ቅባት እኮ ተአምር ነው!”
“ጥሩ ቅባት ነው” አልሁ፣ ትንፋሼን እየዋጥሁ፣
ማንገቻው ትከሻዬን ሲቆርጠው እየቻልሁ።

ከጫካው በላይ፣ ሜዳው ሲጀምር፣
አንዲት አሮጊት ብሉቤሪ ትለቅም ነበር፤
ቁጥቋጦውን በእንጨት ማበጠሪያ እያበጠረች።
ጣቶቿ ወይን ጠጅ። ቀና ብላ ጠየቀች፦
“ከየት?”
“ከኮም።”
“ወዴት?”
“እስከ ባሕር።”
“በእግር?”
“በእግር።”
ባልዲዋን አስቀመጠች። “ልጆቼ፣ እዚያ ታች መንደር
አውቶቡስ አለ እኮ” አለችን በሐዘን፣
ያልሰማን መስሏት፣ ወይ ያልገባን።
እፍኝ እፍኝ ብሉቤሪ ሰጥታ አሰናበተችን።

ከቀትር በኋላ ሸንተረሩ ላይ ሰማይ ተገለበጠ።
የብረት ምርኩዞቻችንን ሩቅ ወርውረን
ከቁጥቋጦ ጥድ ሥር ጎብጠን ተቀመጥን፤
ከንፈሩ ሰማያዊ ነው፣ የኔም፤
ከፍሬው ይሁን ከብርዱ አልለየሁም።
“በታችኛው መንገድ እንሂድ ብዬ ነበር።”
“አላልክም።”
“ብያለሁ።”
“አላልክም።”
ሠላሳ አራት ዓመት የኖረ ጭቅጭቃችን
እንደ አሮጌ ውሻ እግር በእግር ተከትሎን
መጥቶ መሐላችን ተኛ። ሞቀን።

ማታ ማረፊያው ደረስን። ጠባቂው ቶሽኮ
ናና የበዛበት የባቄላ ሾርባ ቀዳ።
ስታመን ቦርሳውን ፈታ። እጁ ግርጌ ደረሰ። ቆመ።
ካልሲዋን አወጣት። ባዶ። ፊቱ ጨለመ።
ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ፤
“ወጥቼ ኮከብ ልይ” አለኝ።
ውጭ ዝናብ ነው።

በመስኮት አየሁት፤ የግንባር መብራቱ መሬት ለመሬት
ሲንከራተት፣
አንዱን ሲያነሣ፣ ሲጥል፣ ሌላውን በመዳፉ ሲመዝን፤
ያ ግራም ቆጣሪ፣ ለብሩሽ እጀታ የሚያዝን፣
ከባዱን መረጠ።
ገባ። በካልሲው ጠቅልሎ ከግርጌ ከተተው፣
ከኮም አብሮን እንደመጣ፣ ምንም እንዳልጎደለው።
“ኮከብ አለ?” አልሁት።
“ሞልቷል” አለ፣ ከጺሙ ውሃ እየተንጠባጠበ።

አልነገርሁትም።
እሱ ያንኮራፋል። ከግድግዳው ሥር ሁለት ቦርሳ፣
ሁለት ድንጋይ፤
አንዱ የተሰረቀ፣ አንዱ የተዋሸ።
ባሕሩ ገና ነው፤ አስራ ሁለት ቀን ይቀራል።
ነገ ጠዋት ዳገት ነው፤ ጉልበቱ ያመዋል፤
ያ ምስኪን ቅባት ይታማል።