ብርድ ልብስ

ግንቦት እንደገባ፣ መንገዱ ሲከፈት፣
ስምንት ሆነን እንወጣለን፤ ፍሉሪን ከፊት፣
እኔ ዱሪ ከኋላ፣
በሚያመኝ ጉልበቴ፣ በቀረኝ ጉልበት።
ሸክማችን ጨርቅ ነው፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ጥቅል፣
ሲዘረጋ አውድማ፣ ሲጠቀለል በርሜል።
ጫፍ ከጫፍ ሰፍተነው፣ ድንጋይ ጭነንበት፣
ተራራው ላይ ለተኛው፣ ለዚያ ለአሮጌ በረዶ
እናለብሰዋለን፣ ፀሐይ እንዳትበላው፣
ጥቂት ቀን ብንጨምርለት።

«ለበረዶ ብርድ ልብስ!» ይላል መንገደኛ፣
ስቆብን ያልፋል።
ይሳቅ፤ ግድ የለም። ስሙን ግን ላስተዋለ፣
ብርድን ራሱን ያለበሰ ከእኛ ሌላ ማን አለ?

ዓርብ ማታ ሴራይና ትመጣለች ከከተማ፣
የልጄ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፤ ቦርሳዋን ሳታወርድ ገና
ትጀምራለች።
«አያቴ፣ የእርጎውን ጣሳ በሙቅ ውሃ ባጥበው፣
ውሃውን ለማሞቅ የነደደውስ? እሱን ማን ቆጠረው?
ሳላጥበው ብጥለው ደግሞ ይሸታል፣
መልሰው አይሠሩበትም አሉ። የቱ ይሻላል?»
አፌን ሳልከፍት ሌላ፦
«በአውሮፕላን የመጣ የኬንያ ፎሶሊያ፣
እዚሁ ታች ሸለቆው፣ በመስታወት ቤት፣ በጋዝ ማሞቂያ
የበቀለ ቲማቲም፤ ማነው ጥፋተኛ?»
«እማዬ ሊዝበን ለሠርግ ትሄዳለች፤ በባቡር ሁለት ቀን፣
በአየር ሦስት ሰዓት አይሞላም።
ሠርግ መሄድ ኃጢአት ነው እንዴ ዘንድሮ?»
«ላም ስታገሳ ሰማይ ይሞቃል ካሉ፣
የአክስቴን ላሞች አፋቸውን ማን ይዝጋላቸው?»

እኔ ምን አውቃለሁ? ጨርቅ አልባሽ ነኝ።
ቄስ አይደለሁ ላናዝዛት፣ ሚዛን የለኝ ልመዝንላት።
አይብ ቆርሼ ሰጠኋት።
በላችው። ከዚያ ስለ አይቡ ጠየቀችኝ።

ሌሊት ማሞቂያውን ራሷ ቀነሰች፣
ኩርምት ብላ ተኛች። ደረብኩላት፤ ነቃች።
«አያቴ፣ በረዶም ይበርደዋል?»
አይበርደው። ጨርቅ እሳት አይደል፣ ከራሱ ምንም አይወልድ፣
የያዘውን ነው የሚያቆይ፤ ላንቺ ሙቀትሽን፣ ለሱ ብርድ።
ዝም አለች። ዝምታዋን እፈራለሁ።
«መምህሬ ግን፣ ጭሱም ብርድ ልብስ ነው ብላለች፣
ምድርን የሸፈናት። በላይ በላዩ ይደረባል አለች።
እሱንስ ማን አለበሳት? አያቴ? ሲያልባትስ፣
ማን ይገልጥላታል?»
አንኮራፋሁ፤ ዓይኔን ገልጬ፣ በጨለማ።

ያልነገርኳት አለ።
ተራራው ሙሉ ልብስ የለበሰ ይመስላታል።
የሸፈንነው የመሐረብ ያህል ነው፣ የግንባሩን ጥግ፣
ያውም ዋሻው ስላለ፣ ጎብኚ ትኬት ቆርጦ ስለሚገባ።
ልጅ ሳለሁ በረዶው የሆቴሉ ደጅ ላይ ነበር።
ዛሬ በየዓመቱ ደረጃ እንቀጥላለን፣
አምና ሠላሳ፣ ዘንድሮ አርባ አንድ፤
እሱ ይሸሻል፣ እኛ እንከተላለን፤
ባለዕዳው ማን እንደሆነ እንጃ።
ጨርቁም ጨርቅ አይደለም፤ የተፈተለ ነዳጅ ነው።
ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይላላል፣ ይበጠሳል፣
ክሩ በጅረቱ ይወርዳል፣ ጅረቱ ወደ ከተማ፣
ከተማው ወደ ብርጭቆዋ።

መስከረም ልንገፈው ስንወጣ አብራን መጣች።
ከጨርቁ ሥር በረዶው የሁለት ሰው ቁመት ያህል
ቆሞ ቀርቷል፣ ዙሪያው ሁሉ ሰምጦ።
«አየሽ? ሠርቷል!» አላት ፍሉሪን፣ ደረቱን ነፍቶ።
አየችው። ምንም አላለችም።
ወርዳ ጅረቱ ዳር ተንበርክካ፣
ጣቷ እስኪቀላ
ክር ትለቅማለች፣ አንድ ባንድ፣ ሽበት የመሰለ፣
በእርጎው ጣሳ፣ በታጠበው።
(በቀዝቃዛ ውሃ ነው ያጠበችው፤ አይቻታለሁ።)

ልንወርድ ስንል ጣሳው ሞላ።
ወደ እኔ ዘረጋችው።
«አሁንስ» አለች፣ «ይሄን የት ልጣለው?»