ቤቶች!

መጀመሪያ ያቆምነው ማሽን ነበር፣ የድረ ገጹን ደጅ የሚጠብቅ፣
ለመጣው ሁሉ አንድ ቃል ያለው፣ ሌላ የማያውቅ።
አንዱ «በርጩማው ስንት ነው?» ሲለው «እንኳን ደህና መጡ» ይለዋል፤
አንዷ «ከፍ ያለ አለ?» ስትለው «እንኳን ደህና መጡ» ይላታል፤
ሰው ደግሞ ሁለቴ «ግባ» ተብሎ መቀመጫ ካጣ ይሄዳል።
ወንበር ሻጮች ሆነን
እንግዳ አስቁመን ሸኘን።

በወሩ መጨረሻ ቁጥሩን ሳየው፣
መቶ ሰባት ሰው ገብቶ፣ መቶ ሰባት ሰው ወጥቷል፤
ማሽኑን አጠፋሁት።
ከገጹ ጥግ ያለችውን ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ
«አለሁ» ብዬ አበራሁ፤ ስልኬን ከትራሴ አጠገብ።

አባ ጊዲ ሳቀ። ያክስቴ ባል ነው፣ ጠራቢው፣
ከሂርማታ መርካቶ ጀርባ በፍቅፋቂ የተከበበው።
«ሰው በርጩማ ሲገዛ ተቀምጦበት ነው የሚገዛ፤
በወሬ ላይ ማን ተቀመጠ? ወሬ አይደለም ዋንዛ!»

ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ዝናቡ ከቆርቆሮው ሲነታረክ፣
ስልኬ ጮኸ።
«ቤቶች!» ይላል። እንዲህ ነው የጻፈው፣ እንደ ድሮ ሰው፣
ከአጥር ውጪ ቆሞ በሳል እንደሚያንኳኳው።
ከድሬዳዋ ነው፤ ስም የለውም፣ «እንግዳ አርባ ሁለት» ብቻ።
«አለን፣ ይግቡ፤ ሙፊዳ ነኝ» አልኩት።
ዝም።
ሦስት ነጥቦች ብልጭ አሉ፣ ጠፉ፣ ደግሞ መጡ፤
(ሰው ቃሉን ሲያላምጥ ከሩቅ የሚታየው እንዲህ ነው)
«አይወላገድም?» አለ።

እውነቱን ልናገር? አላውቅም ነበር።
ስንት ዓመት ተቀምጬበት አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።
«አንድ ደቂቃ ይታገሡኝ» ብዬ፣ ስልኩን በሻርፔ ሸፍኜ፣
ጭቃውን ዘልዬ የአባ ጊዲን በር መታሁ።

«ማን ሞተ?»
«ማንም። ድሬዳዋ ያለ ሰው፣ ይወላገዳል ወይ ይላል።»
ቢሞት ይሻለው ነበር።
«ሦስት እግር አይወላገድም በይው!
የሚወላገድ አራት እግር ነው፤ አራተኛው ሁሌ ነገረኛ ነው፤
ሦስት ከሆኑ ግን ጎርባጣ ላይ፣ ተዳፋት ላይ፣
የትም ብትጥያቸው ይስማማሉ።
ምስማርም የለው በይው፤ ከአንድ ግንድ ነው የወጣ፤
መዳፍ ከጣቱ ጋር በሙጫ ነው የመጣ?»

ቃል በቃል ጻፍኩት፤ ጣቴ ረጥቦ ፊደል እየሳትኩ፣
«ነገረኛ» የምትለዋ ሁለቴ ተጽፋ ቀረች።
ነጥቦቹ ቆዩ። ቆዩ።
«ሁለት ላኩልኝ። ማነው ይህን የነገረሽ?»
«ጠራቢው ራሱ፤ በሽርጥ ቆሞ፣ ተቆጥቶ።»
«ሰላም በይልኝ።»
አባ ጊዲ እጁን ዘረጋ፣ ሰላምታውን ተቀበለ አየር ላይ፣
ማንን እንደጨበጠ ሳያይ።

ሁሌ እንዲህ አይደለም።
«መጨረሻው ስንት?» የሚሉ አሉ፣ መጀመሪያውን ሳይጠይቁ፤
«ተገጣጣሚ ነው?» የሚሉ አሉ፤ (ይህን ለአባ ጊዲ አልነገርኩትም)።
መብራትም ይሄዳል፣ ነጥቧም ትጠፋለች፤
አንዲት የሐዋሳ ሴት ለሠርግ አሥራ ሁለት ፈልጋ፣
ሦስት ምሽት ተከራክራ፣
ልትከፍል ስትል ጅማን ጨለማ ዋጣት።
ሲነጋ «አላችሁ?» የምትል አንዲት ቃሏ
እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠልጥላ ጠበቀችኝ።
«አለን» አልኳት፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ፤
ለሄደ ሰው ጀርባ «አለን» ቢሉት ላይሰማ።

አሁን አባ ጊዲ ሲመሽ እኔ ዘንድ ይመጣል፣
ያላለቀ እግር ጭኑ ላይ አጋድሞ ይሞርዳል።
«ማን መጣ?»
«ማንም።»
«ነጥቧ በርታለች?»
«በርታለች።»
ዝም ይላል። ሞረዱን ያስቀምጣል።
ትናንት ግን ተነሣ፤ ከጥግ አንድ በርጩማ ጎተተ፣
ፍቅፋቂውን በክንዱ ጠረገለት፣
ከስልኩ ፊት ለፊት፣ በዚህ ጎርባጣ ወለል ላይ
አቆመው።
አልተወላገደም።